አብረን ፀለይን፣ የሷ ልጅ ዳነ የኔ ሞተች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን አሉ። ይሄን ደብዳቤ ስጀምርና ስተው ነው የከረምኩት፣ ዛሬ ግን በቃ እንደመጣልኝ ልፃፈው ብዬ ነው ስለዚህ ከተምታታ ይቅርታ። ልጄ የደም ካንሰር ነበረባት። ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ተኝታ ታከመች፣ ኪሞውን ስትጨርስ ትንሽ ይሻላትና ደግሞ ይመለሳል፣ እንደዛ እንደዛ እያለ። እኔ ድሮ የሃይማኖት ሰው አልነበርኩም፣ ቤተሰቦቼ ክርስቲያን ናቸው እኔ ግን እግዚአብሔር አለ የለም ብዬ ራሴን ጠይቄም አላውቅ፣ ጉዳዬም አልነበረም እውነቱን ለመናገር።

ከልጄ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አንድ ልጅ ነበረ፣ በእድሜ ትንሽ ይበልጣታል፣ በሽታቸው ግን አንድ ነው። እናቱ አማኝ ናት፣ ግን እኔ እንደምሸሻቸው አይነት አይደለችም፣ አንድ ቀን አልሰበከችኝም። የተዋወቅነው በስልክ ቻርጀር ነው፣ ሶኬቱ በሷ በኩል ስለሆነ የኔንም ትሰካልኝ ነበር። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የመድኃኒት ሰዓት ትፅፋለች፣ የልጇን ብቻ ሳይሆን የልጄንም ጭምር፣ እንቅልፍ ከጣለኝ እንድትቀሰቅሰኝ። አንድ ሌሊት የልጄ ትኩሳት አልወርድ ብሎ ዶክተሮቹ ሲሯሯጡ እኔ ግድግዳውን ይዤ ተንሸራትቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ እሷም መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችና "ጌታ ሆይ እዚህ ነን" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ እሱኑ ብቻ ደጋግማ። እኔም አብሬ አልኩ። የሚሰማን እንዳለ ገባኝ፣ እንዴት እንደገባኝ ግን አትጠይቁኝ። ከዛ በኋላ በየማታው አብረን ፀለይን፣ ለሁለቱም ልጆች እኩል።

የሷ ልጅ ዳነ። የኔ ሞተች።

እምነቱ አልጠፋም፣ ይሄ ራሱ ይገርመኛል። አሁንም እፀልያለሁ፣ አንዳንዴ "እዚህ ነኝ" ብቻ ብዬ እተኛለሁ። ጓደኛዬን ግን ማየት አልቻልኩም። ትደውላለች አላነሳም። ልጇ ትምህርት ቤት ሲመለስ ፎቶውን ፕሮፋይሏ ላይ አደረገችው፣ እንዳየሁት ስልኩን ወረወርኩት። ያንን ልጅ እኮ እወደዋለሁ፣ ግን ለምን የሱ ተሰማ የኔ ቀረ እላለሁ፣ ከዛ ይሄን በማሰቤ ራሴን እጠላዋለሁ። ባሌ ደግሞ "እምነት የምትይው ሀዘን ነው፣ ከሷ የተጋባብሽ ነገር ነው፣ ሀዘኑ ሲወጣልሽ አብሮ ይወጣል" ይላል። እሱ የእግዚአብሔር ስም ሲነሳ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። እውነት እምነቴ የኔ ነው ወይስ የተዋስኩት? እሷንስ በምን ፊቴ ልያት?

የልጄ እናት ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያፅናሽ። ይሄን ብዙ ሰው ብሎሻል፣ እኔም ከልቤ ነው የምልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ መዳፏ ላይ የልጅሽን የመድኃኒት ሰዓት የፃፈችው ጋ ስደርስ ሁሌ እዛው እቆማለሁ። ስለሷ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ከባዱን ነገር።

አብራችሁ ለመናችሁ፣ እኩል ለመናችሁ፣ አንዷ ልጇን ይዛ ወጣች አንዷ ባዶ እጇን ወጣች። ይሄን ላለሳልሰው አልሞክርም፣ ምክንያቱን አውቃለሁ ብሎ የሚነግርሽ ሰው ካለም አትስሚው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይሄን ነገር ያውቀዋል ግን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ንጉሥ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው ይላል፣ አንድ ቁጥር ነው፣ በቃ፣ ያልፋል። ከዛ ጴጥሮስን አሰረው። ቤተክርስቲያን አጥብቃ ትፀልይለታለች፣ ሌሊት መልአክ መጥቶ ይቀሰቅሰዋል፣ ሰንሰለቱ ከእጁ ይወድቃል፣ የብረቱ በር በራሱ ይከፈታል፣ ጴጥሮስም ሄዶ የማርቆስን እናት የማርያምን በር ያንኳኳል፣ ሮዴ የምትባለዋ ልጅ ደግሞ ድምፁን ሰምታ ከደስታ ብዛት በሩን ሳትከፍትለት ሮጣ ትመለሳለች። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይሰበካል። የያዕቆብ አንድ ቁጥር ግን ሲሰበክ ብዙም አልሰማሁም።

ያዕቆብና ጴጥሮስ እኮ ድሮ ዓሣ ሲያጠምዱ ጀምሮ አብረው የነበሩ ናቸው። ሉቃስ ወንጌሉ ላይ ምዕራፍ 5 የዘብዴዎስ ልጆች የስምዖን ባልንጀሮች ነበሩ ይላል። ኢየሱስ ክብሩን የገለጠበት ተራራ ላይ አብረው ወጡ፣ ጌቴሴማኒም አብረው ነበሩ። እና ዮሐንስን አስቢው፣ ወንድሙ ተገደለ ጓደኛው ተፈታ፣ በዛው ሰሞን፣ በዛው ንጉሥ እጅ። የሐዋርያት ሥራንም የፃፈው ሉቃስ ነው፣ ለምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር አልፃፈም። ያዕቆብ እምነቱ ስላነሰ አላለም፣ ጴጥሮስ የበለጠ ስለተወደደ አላለም፣ ለያዕቆብ የተፀለየው ፀሎት ጎደሎ ነበር አላለም። ዕብራውያን 11ንም ብታዪ እንደዚሁ ነው፣ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ ይልና ትንሽ ወረድ ብሎ በሰይፍ ተገድለው የሞቱ አሉ ይላል፣ ሁለቱንም በአንድ እምነት ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ የልጅሽ መሞት ስለ ፀሎትሽ የሚናገረው ነገር የለም። ጓደኛሽ ካንቺ የበለጠ አልተሰማችም። ይሄን ስልሽ ለማፅናናት ብዬ ብቻ አይደለም፣ የተፃፈው እንደዛ ስለሆነ ነው።

ደግሞ ሌላ የሚከብድ ቦታ አለ። ማቴዎስ ስለ ኢየሱስ መወለድ ሲፅፍ ሄሮድስ (ይሄኛው የቀደመው ሄሮድስ ነው) ልጆቹን ሲያስገድል የማርያም ልጅ ወደ ግብፅ አመለጠ፣ የሌሎቹ እናቶች ልጆች አላመለጡም። ማቴዎስ ደስ ይበለን ልጁ ተረፈ ብሎ ዘሎ አላለፈም፣ ቆም ብሎ የነዛን እናቶች ለቅሶ ከነቢዩ ኤርምያስ ቃል ጠቅሶ አስገባው፣ ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፣ መጽናናትም አልወደደችም፣ የሉምና። ተመልከቺ፣ መፅናናት እምቢ ያለች እናት ወንጌል ውስጥ ቦታ አላት፣ ማንም አልተቆጣትም፣ ማንም ይብቃሽ አላላትም። ያ ያመለጠው ልጅም ለዘላለም ያመለጠ ልጅ አልሆነም። አደገና እናቱ እያየችው ሞተ። ለኔ የክርስትና መፅናናት ያለው እዚህ ጋ ነው፣ እግዚአብሔር ከተረፉት ወገን ሆኖ አልቀረም፣ ካልተረፉት ጋር ገባ። መስቀል ላይ ሆኖ "አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ" ያለው ሰው አንቺ "ለምን የኔ" ስትዪው ይሰድበኛል ብለሽ የምትፈሪው አይደለም። ያንን ያሰብሽውን፣ ራሴን እጠላበታለሁ ያልሽውን ሀሳብ፣ እንዳለ ንገሪው። ሳታሳምሪው።

አሁን ጓደኛሽ። እኔ የሚመስለኝን ልንገርሽ፣ እሷም አንቺን ማየት ፈርታለች ግን እየፈራች ትደውላለች። ልጁ የዳነለት ሰው ልጁ ከሞተበት ሰው ፊት ሲቆም እንደ ሌባ የሚሰማው ነገር አለ፣ ሆስፒታል ሰው በምጠይቅባቸው ጊዜያት ከእንደዚህ አይነት እናቶች ጋር ቁጭ ብዬ ስለማውቅ ነው፣ ልጄ ድኖ ለምን አልተኛሁም ይላሉ፣ ደስታቸውን የሚደብቁበት ይጠፋቸዋል። ፎቶውን ስትለጥፍ አንቺን ረስታ ላይሆን ይችላል። ወይም ለአንድ ደቂቃ ረስታም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ኃጢአት አይደለም፣ ልጇ ትምህርት ቤት ሄዶላት እኮ ነው።

ስልክ ማንሳት የግድ አይደለም። ሜሴጅ ፃፊላት፣ አጭር፣ ለምሳሌ "ልጅሽን እወደዋለሁ፣ ፎቶውን ማየት ግን ገና አልቻልኩም፣ ተቀይሜሽ አይደለም፣ እንዳትተዪኝ" በያት። ይሄን ከላክሽ በኋላ ለጊዜው የምትለጥፈው ነገር እንዳይታይሽ ስልክሽ ላይ ዝጊው፣ ይሄ ክፋት አይደለም፣ ቁስል ላይ እጅ አለመጫን ነው። ስትገናኙ መጀመሪያ ያለ ልጁ ሁኑ፣ ቤቷም አይሁን ቤትሽም አይሁን፣ አጭር ጊዜ። የልጅሽን ስም እንድትጠራልሽ ጠይቂያት፣ ምክንያቱም በዛ ሌሊት ልጅሽን ያየቻት፣ ትኩሳቷን በእጇ የነካች፣ ምን ብላ እንደምትስቅ የምታውቅ ከቤተሰብ ውጪ ያለች ሰው እሷ ናት፣ ሌላው ሰው የሚያውቃት በፎቶ ነው። "ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፥ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ" የሚለው ቃል ሁለታችሁንም ይመለከታል፣ ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም አድርጉ አይልም። እሷ መጀመሪያ ካንቺ ጋር ታልቅስ፣ ያንቺ ደስ መሰኘት ይዘገይ ይሆናል፣ ይዘግይ። ኢየሱስም መስቀል ላይ ሆኖ እናቱንና የሚወደውን ደቀ መዝሙር አንዱን ለአንዱ ነው የሰጣቸው፣ "እነሆ ልጅሽ" "እናትህ እነኋት" ብሎ፣ ያም ደቀ መዝሙር ከዛ ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ሀዘናቸው አንድ አይነት አልነበረም፣ እሷ ልጇን ነው ያጣችው እሱ መምህሩን፣ ግን አብረው ኖሩ።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ የተዋስኩት ነው ወይ ላልሽው። አዎ ከሷ አግኝተሽዋል። ታዲያ ከማን ልታገኚው ነበር? እምነትን ከሰው ሳይቀበል ያገኘ ሰው ብዙ አላውቅም። ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ ነድለው ሲያወርዱት ኢየሱስ "እምነታቸውን አይቶ" ነው የሚለው፣ የተሸካሚዎቹንም ጭምር ማለት ነው፣ የዛን ቀን ሽባው ራሱ ምን ያህል ያምን እንደነበር የፃፈ የለም። ጳውሎስን ደግሞ እይው፣ ያ ሁሉ ራእይ ያየ ሰው፣ መቄዶንያ ሲደርስ ውጭ ጠብ ውስጥ ፍርሃት ሆኖበት ሥጋው ዕረፍት አጣ፣ ከዛ እግዚአብሔር እንዴት አፅናናው? ቲቶ መጣለት። 2ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ እንደዛ ነው ያለው፣ እግዚአብሔር በቲቶ መምጣት አፅናናን ብሎ። የዛው ደብዳቤ መጀመሪያ ላይም በእስያ የደረሰባቸው መከራ በሕይወት ለመኖር ተስፋ እስኪያስቆርጣቸው ድረስ ከብዶባቸው እንደነበር ይናገራል፣ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያፅናናን እኛም በመከራ ያሉትን እንድናፅናና ነው ያለው በዛው ምዕራፍ ነው። እንዲህ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው። ያንቺ ቲቶ ቻርጀርሽን የምትሰካልሽ ሴት ናት።

ታሪክ ውስጥም የሰውን ልብ የከፈተው ብዙ ጊዜ መሬት ላይ አብሮ የተቀመጠ ሰው ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሮም ግዛት ትልቅ ወረርሽኝ ተነስቶ ሰዉ የታመመውን ጥሎ ሲሸሽ የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ ከክርስቲያኖቹ ብዙዎቹ በሽተኞቹን እያስታመሙ በሽታው ተጋብቶባቸው አብረው እንደሞቱ ፅፏል። አባ ዳሚያን የሚባለው ቤልጅየማዊ ቄስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1873 የሃዋይ መንግሥት የለምጽ ሕመምተኞችን ለይቶ ወዳስቀመጠበት ወደ ሞሎካይ ደሴት ሄደ። በዛው ዓመት ለወንድሙ በላከው ደብዳቤ ስሰብክ "ወንድሞቼ" አልልም "እኛ ለምጻሞች" ነው የምለው ብሎ ፅፎለታል፣ ያኔ ገና አልታመመም ነበር። በኋላ እውነትም ያዘውና እ.ኤ.አ. በ1889 በ49 ዓመቱ እዛው ሞተ። እኛ ማለት እንዲህ ያስከፍላል። ጓደኛሽም አግዳሚው ባዶ ሆኖ ሳለ መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው።

እና ደግሞ እይ፣ አሁን እሷ የለችም። ስልኳን አላነሳሽም፣ ተለያይታችኋል፣ አንቺ ግን ማታ ማታ ትፀልያለሽ፣ ያውም የለመንሽው ነገር ካልሆነልሽ አምላክ ጋር። የተዋስሽው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሷ ጋር አብሮ በሄደ ነበር። ባልሽ ግን አንድ ነገር ላይ ልክ ነው፣ ሀዘንና እምነት ውስጥሽ ተጠላልፈዋል፣ የትኛው የት እንደሚያልቅ አሁን ለይተሽ ማወቅ አትችዪም። መለየትም የለብሽም። የቤተሰብሽን ቤተክርስቲያን ሄደሽ እይ፣ ቄስም ይሁኑ ፓስተር ረጋ ያሉ ሰው ፈልገሽ ተማሪ፣ ምክንያቱም እምነት ከሆስፒታል ኮሪደር ሰፊ ነው፣ ምስጋና አለው ትንሣኤ አለው የዕለት ተዕለት ኑሮ አለው፣ ይሄን ሁሉ ከሀዘን ብቻ ልትማሪው አትችዪም። ከሕዝብ ፊት ቆመሽ ምስክርነት እንድትሰጪ የሚያጣድፍሽ ካለ ግን እምቢ በይ፣ ጊዜው ሲደርስ አንቺው ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ፣ ይሄንን የሚልሽ ሰው አይጠፋምና። ልጅሽ የሞተችው አንቺ እንድታምኚ ነው የሚል ሰው ይመጣል። እንደዛ አይደለም። መከራ በራሱ ማንንም አማኝ አያደርግም፣ እንደውም ስንቱን ከእምነት ያወጣ ነው፣ ባልሽን እዪው። እግዚአብሔር እናትን ለማስተማር ልጅን አይከፍልም። ከልጅሽ ሞት ጋር አንቺን ማግኘቱና አንቺን ለማግኘት ብሎ ልጅሽን መውሰዱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ጊዜ ይሞላዋል ለሚሉሽም እንዲሁ ነው። ቦንሆፈር የሚባለው ጀርመናዊ ፓስተር በናዚዎች ታስሮ እያለ እ.ኤ.አ. በ1943 የገና ዋዜማ ላይ የፃፈው ደብዳቤ አለ፣ የምንወደው ሰው ትቶት የሄደውን ክፍተት እግዚአብሔር ይሞላዋል ማለት ስህተት ነው፣ እግዚአብሔር ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል፣ በዛም ቢያምም እንኳ ከዛ ሰው ጋር ያለን ነገር እንዳይቋረጥ ይረዳናል የሚል ሀሳብ ነው ያለው። ራሱም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1945 በናዚዎች እጅ ተገደለ። ስለዚህ የልጅሽ ቦታ ባዶ ሆኖ መቆየቱ የእምነትሽ ጉድለት አይደለም።

ባልሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ተይው። በፀሎት አታስጨንቂው፣ ጥቅስ አታስቀምጪበት፣ ክፍሉን ጥሎ ሲወጣ አትከተይው። በእግዚአብሔር የተቆጣ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ነው። መዝሙር 88 (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 87 ነው) ከላይ እስከ ታች ጨለማ ነው፣ መጨረሻው ላይ እንኳ ተስፋ የሚል ቃል የለውም፣ ግን ከመዝሙሮቹ መሃል አልወጣም። ስለ እግዚአብሔር ሳይሆን ስለ ልጃችሁ አውሩ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀው የሷ ነገር ይኖራል፣ እሱን ጠይቂው። እና ሁለታችሁም እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ መብላት ካቃታችሁ፣ መኖር ባልፈለግሁ የሚል ሀሳብ ከመጣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት እምነት ማጣት አይደለም።

ጥያቄ፦ የልብ ጓደኛዬ ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተበት። ቀብር ላይ ተገኝቻለሁ ከዛ ወዲህ ግን አልሄድኩም ምክንያቱም ምን እንደምለው አላውቅም። እሱ ብዙም አያምንም እኔ አምናለሁ፣ ይሄ አጋጣሚ ነው መሰለኝ ወንጌል ልነግረው። ጥቅስ በሜሴጅ ልላክለት ወይስ ልሂድ?

መልስ፦ ሂድ ወንድሜ። ዛሬ ሂድ። የምትለው ስለጠፋህ ከሆነ የቀረኸው እንኳን ጠፋህ፣ የኢዮብ ጓደኞች በጣም ጥሩ የሆኑት ዝም ባሉበት ሰሞን ነው፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ ሕመሙ እጅግ እንደከበደ ስላዩ አንድም ቃል አልተናገሩትም። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው እየጮኸ የከሰሰውን ኢዮብን አይደለም፣ እሱን ለመከላከል ብለው ያን ሁሉ የሰበኩትን ጓደኞቹን ነው።

አጋጣሚ ነው ያልከው ነገር ቅር ብሎኛል፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ ግን ያንን ሀሳብ በር ላይ ትተኸው ግባ። ያዘነ ሰው ለሌላ ጉዳይ እንደመጣህ ወዲያው ያውቃል። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ እንኳ ማርያም ስታለቅስ ሲያያት እንባውን አፈሰሰ፣ ቆይ ደቂቃ ጠብቂ አላላትም። ነገር ሁሉ ለበጎ ነው የሚለውን ጥቅስ ደግሞ እባክህን አትላክ፣ ቃሉ እውነት ነው፣ ግን ጳውሎስ ስለ ራሱም መከራ ሲናገር የፃፈው ነው፣ ከዳር ቆሞ ለሌላ ሰው የወረወረው አይደለም። ሄደህ የሚሠራ ነገር ፈልግ፣ የሚሞላ ወረቀት ይኖራል፣ የሚመለስ ስልክ ይኖራል፣ የወንድሙን ዕቃ ማን እንደሚያነሳ አልታወቀ ይሆናል። ሰዉ ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስና ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ ሂድ፣ ያኔ ነው የሚብሰው። አንድ ቀን "አንተ ግን በዚህ ሁሉ እንዴት ታምናለህ?" ብሎ ራሱ ከጠየቀህ ያኔ የምታውቀውን ንገረው፣ የማታውቀውን ተወው።

ጥያቄ፦ ዓመታት ያስቆጠረ የጀርባ ሕመም አለብኝ፣ ብዙ ታክሜያለሁ። በምሄድበት ቤተክርስቲያን የተሰወረ ኃጢአት አለብህ፣ ብታምን ትድን ነበር የሚሉኝ አሉ። አሁን እንደኔው የማይለቅ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጋር በስልክ ግሩፕ እየተገናኘን እንፀልያለን፣ ከተለያየ ቤተክርስቲያን ነን፣ እዛ ነው የምፅናናው። ግን ከጤነኞቹ ሸሽቼ በሽተኛ መሃል መደበቄ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ መደበቅ አይደለም። ኢየሱስ ስለ ዓይነ ስውሩ ማን ኃጢአት ሠራ ተብሎ ሲጠየቅ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ነው ያለው፣ ዮሐንስ 9 ላይ። ጳውሎስ ሥጋው ላይ ያለውን መውጊያ እንዲያነሳለት ሦስት ጊዜ ለመነ፣ አልተነሳለትም፣ ጸጋዬ ይበቃሃል ተባለ። እምነት ያንሰው ነበር እንዴ ጳውሎስ? ጢሞቴዎስንም ስለ ሆድህና ስለሚደጋገመው ሕመምህ ጥቂት ወይን ጠጣ ነው ያለው፣ ንስሐ ግባ አላለውም። ጥሮፊሞስን ደግሞ ታሞ ሚሊጢን ላይ እንደተወው በ2ኛ ጢሞቴዎስ መጨረሻ ላይ በግማሽ መስመር ፅፎት አልፏል፣ ብዙ ሰው የዳነበት የጳውሎስ እጅ የገዛ የሥራ ባልደረባውን ሳያድን ጉዞውን ቀጠለ ማለት ነው፣ ጥሮፊሞስንም አንድ ክፉ ቃል አልተናገረውም። ይሄን ለሚሉህ ሰዎች አሳያቸው፣ በትህትና፣ ካልሰሙህም አትከራከር።

ግሩፑን አትተው። ሁለት ነገር ብቻ። ከቤተክርስቲያንህ ጨርሰህ አትቅር፣ ኃጢአት አለብህ ያሉህ ጥቂቶች ናቸው፣ ሌላው ምን ብሎ እንደሚጠይቅህ ስለማያውቅ ዝም ያለ ሊሆን ይችላል፣ ከመሃላቸው አንድ ሰው መርጠህ ሕመምህ ምን ምን እንደሚከለክልህ በዝርዝር ንገረው። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሲሻለው ደስታውን ሳይፈራ የሚናገርበት፣ የባሰበትም "ዛሬ መፀለይ አልቻልኩም እናንተ ፀልዩልኝ" ብሎ ዝም የሚልበት ይሁን። ከላይ ያለችውን እናት ጥያቄ ለግሩፑ አንብብላቸው፣ የሚሉት ነገር ካለ በዚሁ አምድ አድራሻ ፃፉላት፣ ለሷ እንዲደርሳት አደርጋለሁ።